ለነገረ መለኮት ማስተርስ ማን ይከፍላል? ማንስ ያገኛል?

ዲያቆን ከዘጌ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ሳላስረዝም ጥያቄዬን ላቅርብ።

ያደግሁት ዘጌ ነው። ዜማና ቅኔ ተምሬአለሁ፣ ከዚያ አስኳላውን ቀጥዬ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ተመርቄአለሁ። አሁን ከተማ ውስጥ አንድ ደብር አገለግላለሁ፣ እሑድ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። እንጀራዬ ግን የግል ትምህርት ቤት መምህርነት ነው። ባለትዳር ነኝ፣ አንዲት ሴት ልጅ አለችን።

በነገረ መለኮት ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ። ወጣቶቹ ከቲክቶክና ከዩቲዩብ ጥያቄ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ስለ ቀኖና መጻሕፍት፣ ስለ ኬልቄዶን ጉባኤ፣ ስለ ጾም፣ ስለ ሁሉም። መልሱ አባቶች ዘንድ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ምንጩን ጠቅሼ፣ ሌላው የሚለውንም አንብቤ፣ ልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ ለማስረዳት ሥርዓት ያለው ትምህርት ያስፈልገኛል። ሲጠይቁኝ አድበስብሼ ማለፍ አልፈልግም።

ችግሩ ገንዘብ ነው። ደመወዜ ከወር ወር አያደርሰንም። ስኮላርሺፕ አለ ይባላል፣ ድረ ገጹን ስከፍት ግን አንዱ የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል፣ ሌላው የነገረ መለኮት የመጀመሪያ ዲግሪ ይላል፣ ሌላው ዶክትሬት ብቻ ይላል። በቴሌግራም ያገኘሁት ሰው ደግሞ «30 ሺህ ብር ክፈል፣ ካናዳ ሙሉ ስኮላርሺፕ እናስጨርስልሃለን» ብሎኛል። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። እኔን የመሰለ ሰው ለየትኛው ብቁ ነው? ከየትስ ይጀምራል?


ቀሲስ ከሽምብጥ፦

ዲያቆን፣ በመጀመሪያ የቴሌግራሙን ሰውዬ ቁጥር ብሎክ አድርገው። እውነተኛ ስኮላርሺፕ በደላላ አይመጣም። የማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ያ ግን ለራሱ ለትምህርት ቤቱ በራሱ ድረ ገጽ ነው የሚከፈለው። እሱንም ቢሆን አቅም እንደሌለህ ጽፈህ ብትጠይቅ የሚተዉልህ አሉ። ሳትጠይቅ አትክፈል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የእኛ ትምህርት ገንዘብ አሰጣጥ ከሌላው ይለያል። ኢንጂነር ብትሆን ውጤትህን ይዘህ ብቻህን ታመለክት ነበር። እዚህ ግን አብዛኛውን ገንዘብ የሚሰጡት አብያተ ክርስቲያናትና የእነሱ ድርጅቶች ናቸው። የሚያዩት ውጤትህን ብቻ አይደለም። ማን ላከህ፣ ስትመለስ የት ታገለግላለህ፣ ይሄን ነው አጥብቀው የሚጠይቁት። ስለዚህ ከድረ ገጹ በፊት ደብርህ ሂድ። ይሄን ደጋግሜ የምለው ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ሁሉን ፎርም ሞልተው፣ እንግሊዝኛውን አልፈው፣ በመጨረሻ «የቤተ ክርስቲያንህን ደብዳቤ ላክ» ሲባሉ ቀነ ገደቡ እያለፈባቸው ስላየሁ ነው።

ሁለት ቦታ ልጠቁምህ። አንዱ ጄኔቫ አጠገብ ያለው የቦሴ ኢኩሜኒካል ተቋም ነው። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ተቋም ነው፣ ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር ይሠራል። ቤተ ክርስቲያናችን ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምክር ቤቱ አባል ናት፤ ስለዚህ በሩ ለእኛ ልጆችም ክፍት ነው። ስኮላርሺፕ አለው፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ድጋፍ ደብዳቤ ግን ግድ ነው።

ሌላውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቫቲካን ውስጥ የክርስቲያኖችን አንድነት በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሥር የባህል ትብብር ኮሚቴ የሚባል አለ። ለኦርቶዶክስና እንደ እኛ ላሉ የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ ተማሪዎች በተለይ ሮም ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከፍሎ ያስተምራል። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነገር ነው። «ካቶሊክ ሊያደርጉኝ ነው» ብለህ አትስጋ፤ የራስህ ቤተ ክርስቲያን አባቶች ፈቅደው ካልላኩህ አይቀበሉህም። ትምህርቱ በአብዛኛው በጣሊያንኛ ስለሆነ ለቋንቋው ጊዜ ያስፈልግሃል።

አገር ውስጥ ደግሞ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አለልህ። ቤተሰብ ይዞ ውቅያኖስ ከመሻገር አዲስ አበባ መውረድ ይቀላል። ከሀገረ ስብከት ተልኮ የሚማርና በግሉ ከፍሎ የሚማር አንድ አይደሉም፣ ስለዚህ እዚያም ቢሆን መነሻው ደብዳቤው ነው።


ጣና ማዶ ነኝ፣ አሜሪካ፦

ቀሲስ ያሉት ልክ ነው። እኔ የአሜሪካውን ወገን ልጨምር፣ እዚህ ሆኜ በየዓመቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚመጣልኝ።

አንደኛ፣ ድረ ገጾቹ ላይ ፋፍሳ የሚል ስታይ ዝለለው። የአሜሪካ መንግሥት የተማሪ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ነው፣ ለማስተርስ በአብዛኛው ብድር ማለት ነው። በተማሪ ቪዛ የሚመጣ ሰው አይመለከተውም። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ግን ይችላል። ዲቪ ደርሷችሁ የመጣችሁ ዲያቆናትና ወንጌላውያን ይህን ልብ በሉ፤ ግሪን ካርዱ ካላችሁ ለማስተርስም ማመልከት ትችላላችሁ። ብድር መሆኑን ግን እንዳትረሱት፣ ከነወለዱ ይመለሳል። ደግሞ በመርህ ደረጃ ከመንግሥት ገንዘብ የማይቀበሉ ሴሚናሪዎችም አሉ፣ እነሱ ጋ ፋፍሳ አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ዲያቆን የአንተ የታሪክ ዲግሪ ችግር አይደለም። የፕሮግራሙን ዓይነት ነው መለየት ያለብህ። ቲኤችኤም ወይም ኤስቲኤም የሚባለው ማስተርስ ከዚያ በፊት የነገረ መለኮት ዲግሪ ይፈልጋል። ኤምኤ እና ኤምዲቭ የሚባሉት ግን በማንኛውም ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ይቀበላሉ። ኤምዲቭ በአብዛኛው 3 ዓመት ነው፣ ኤምኤ 2። አንተ ኤምኤ ፈልግ። የሰንበት ትምህርት ቤት አገልግሎትህንና የአብነት ትምህርትህን በማመልከቻው ላይ ዘርዝረህ ጻፍ፣ ማንም እንደ አንተ ዓይነት አመልካች በየቀኑ አያገኝም።

ሦስተኛ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሙሉ ስኮላርሺፕ» ሲባል ብዙ ጊዜ የትምህርት ክፍያው ብቻ ነው። የዬል ዲቪኒቲ ስኩልን ብትወስድ፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገንዘብ ችግራቸው በሰነድ ለተረጋገጠ የማስተርስ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ትልቅ ነገር ነው። ግን ቤት ኪራይ፣ ምግብና የጤና መድን ሌላ ሒሳብ ነው። ትምህርት ቤቱ ለቪዛ የሚሆነውን አይ-20 ሰነድ የሚሰጥህ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ስታሳይ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ያንን በብር ቆጥቦ ማሳየት ለመምህር የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ስትጽፍላቸው «ስኮላርሺፕ አላችሁ ወይ» ብቻ ብለህ አትለፍ። «ከትምህርት ክፍያው ውጪ የኑሮ ወጪ ትሸፍናላችሁ ወይ? ለባለትዳርስ?» ብለህ ጠይቅ።

ሚስትና ልጅ ይዘህ ከመጣህ ለእነሱም ተጨማሪ ገንዘብ ማሳየት አለብህ። ባለቤትህ በጥገኛ ቪዛ መሥራት አትችልም። አንተም ትምህርት ላይ እያለህ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ብቻ ነው የምትሠራው። ከመነሳትህ በፊትም የቪዛው 185 ዶላርና የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) 350 ዶላር ከኪስህ ይወጣል። ይህን የምልህ ተስፋ ላስቆርጥህ አይደለም፣ ሒሳቡን ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ እንድትሠሩት ነው።

ለኦሪየንታል ኦርቶዶክስ የሚቀርበው ኒውዮርክ ያለው የቅዱስ ቭላድሚር ሴሚናሪ ነው። ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ የእኛ፣ የግብጾች፣ የአርመኖችና የሕንዶች ልጆች ተምረውበታል። በቤተ ክርስቲያን አካባቢ መኖርም ሌላ ጥቅም አለው፤ አገልግሎትህን ሳታቋርጥ ትማራለህ።


ኤልሳ ዓባይ ማዶ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የመካነ ኢየሱስ ወንጌላዊት ነኝ፣ የወንጌላውያኑን ወገን የሚያነብ ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

ነገሩ እኛም ጋ አንድ ነው። ሲኖዶስሽ ካልላከሽ የለም። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ስኮላርሺፕ በአባል አብያተ ክርስቲያናት በኩል ብቻ ነው የሚሄደው። መካነ ኢየሱስ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። የጀርመኑ የቤተ ክርስቲያን ተራድኦ ድርጅት ብሮት ፉር ዲ ቬልትም እንደዚሁ በአጋር ተቋማት በኩል ነው የሚቀበለው፣ በግል ኢሜይል ብትጽፊ ትርጉም የለውም። ላንግሃም የሚባለውን ብዙ ሰው ለማስተርስ ይሞክረዋል፤ እሱ ለዶክትሬት ብቻ ነው። ዲያቆን «ዶክትሬት ብቻ» ያለው ምናልባት እሱን አይቶ ይሆናል።

አገር ውስጥ በ1960 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ አለ፣ የኢትዮጵያ የነገረ መለኮት ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤትም አለ፣ ሁለቱም አዲስ አበባ። አገር ውስጥ የምትማሩ የገንዘብ ድጋፍ ጥያቄውን ከማመልከቻው ጋር አብራችሁ አስገቡ። ገብተን እንጠይቃለን ካላችሁ በጀቱ ተደልድሎ ነው የሚጠብቃችሁ። አጥቢያችሁም ድርሻ ይክፈል። አጥቢያው ግማሹን ሲሸፍን ተማሪው ግማሹን ሲያዋጣ፣ ሴሚናሪውም ለመርዳት እጁ ይፈታል።

አንድ ነገር ሰው ሳያጣራ የሚገባበት አለ፣ የዲግሪው እውቅና። የሃይማኖት ትምህርት ቤት ዲግሪ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር ላይሠራ ይችላል። ውጭ ለመቀጠል ደግሞ የአፍሪካ የክርስቲያን ነገረ መለኮት ትምህርት ማኅበር፣ አክቲያ የሚሉት፣ እውቅና የሰጠው ትምህርት ቤት ከሆነ ብዙ ጥያቄ ይቀንስላችኋል። ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። የተማራችሁበት ቤት እውቅና ከሌለው የቀጣዩ ስኮላርሺፕ በር በዚያው ይዘጋል።

ለእህቶቼ ደግሞ፣ ሴት አመልካች በጣም ትፈለጋለች። እነዚህ ድርጅቶች ሴቶችን እንድትልኩ ብለው ነው የሚጽፉት። የሚቸግረው እዚሁ ቤታችን ነው፤ የዕጩ ስም ዝርዝር ሲዘጋጅ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚያስቡት ወንዶቹን ነው። ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት ፍላጎታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ግልባጩንም ያዙ። በቃል የተነገረ ነገር ስብሰባው ላይ አይነሳም።


ሬጅስትራር ቤት የሠራ፦

ሁላችሁም ትልቁን ተናገራችሁ፣ እኔ የወረቀቱን ልንገራችሁ። ሰው በአብዛኛው የሚወድቀው እሱ ላይ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከሆንህ የወጪ መጋራት ክፍያህን፣ ኮስት ሼሪንጉን፣ ሳትጨርስ ኦሪጅናል ዲግሪህንና ኦፊሺያል ትራንስክሪፕትህን አታገኝም። ስቱደንት ኮፒ ደግሞ ለውጭ ትምህርት ቤት አይሠራም። ዲያቆን፣ ይህን ካልጨረስህ ከዛሬ ጀምረህ ሒሳቡን አጣራ፣ ክሊራንሱ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም። ኦፊሺያሉ ታሽጎ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ነው የሚላከው፣ አንተ ከፍተህ ስካን ብታደርገው ዋጋ ያጣል።

ሌላው ስም ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰነዳችሁ ሁለት ስም ይዞ ይመጣል። የክህነት ማስረጃው ላይ የክርስትና ስም ነው ያለው፣ ወልደ ገብርኤል ወይም ኃይለ ማርያም ይላል፣ ፓስፖርቱና ዲግሪው ላይ ደግሞ የመዝገብ ስም። ፈረንጁ ሁለት ሰው ነው የሚመስለው። የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ሲጻፍ ሁለቱም ስም አንድ መስመር ላይ እንዲገባ ጠይቅ፣ «በክርስትና ስማቸው እንዲህ የሚባሉት አቶ እገሌ» ተብሎ። የእንግሊዝኛው ፊደል አጻጻፍም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን። አንዲት ፊደል ከተለየች ቪዛ ላይ ታስጠይቅሃለች።

ቀኑንም አትርሳ። የክህነቱ ቀን፣ የልደቱ፣ የጋብቻው፣ ሁሉም በእኛ አቆጣጠር ነው። ወደ እነሱ ሲመለስ እ.ኤ.አ. ተብሎ ይጻፍ፣ ካልሆነ ገና ሳትወለድ ዲቁና የተቀበልህ ሆነህ ትገኛለህ። ደብዳቤው ላይ ቁጥር፣ ቀን፣ ክብ ማኅተምና የፈራሚው ስም ከነማዕረጉ ይኑር። ማኅተሙ ደብዛዛ ከሆነ መልሰህ አስመታ፣ ስካን ሲደረግ ጭራሽ አይታይም። መብራትና ኔትወርክ እንደምታውቁት ነው፣ ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ላይ አታስገቡ፣ ፋይሉን በፍላሽም በኢሜይልም አስቀምጡት።


የቅኔ ተማሪ፦

ዲያቆን፣ ሌሎቹ ስለ ነገረ መለኮት መከሩህ፣ እኔ ሌላ በር ላሳይህ። አንተ ዘጌ ያደግህ፣ ግእዝ የምትሰማ፣ በታሪክ የተመረቅህ ሰው ነህ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወይም አዝዋ ማርያም ብራና ሲገለጥ አጠገብ የቆመ ልጅ፣ የጸሓፊውን እጅ አይቶ ዘመኑን መገመት የሚጀምረው ሳያውቀው ነው። ውጭ ያለ ተማሪ ለዚህ ዓመታት ይለፋል።

ፊሎሎጂን፣ የጥንት ጽሑፎችንና የብራናዎችን ጥናት፣ አስብበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊሎሎጂ ማስተርስ አለው። መግቢያው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው፤ ፈተናውን ካላለፍክ ሌላው ሁሉ አይታይም፣ ስለዚህ ዝግጅቱን ከእሱ ጀምር። ይሄኛው በቤተ ክርስቲያን ገንዘብ አይሄድም፣ ደብዳቤም አይጠይቅህም። ዲግሪውም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ኤልሳ ያነሳችው የእውቅና ጣጣ የለበትም።

ከዚያ ወዲያ ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል አለ። አብዛኞቹ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ሆኖም ስኮላርሺፕ ከሌለህ ለቪዛው በዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ለዓመት 11,904 ዩሮ ማሳየት አለብህ፤ «ጀርመን ነጻ ነው» ሲሉህ ይሄን ነው የሚተዉት። አሜሪካም ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለውን የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ሳትሰማ አትቀርም። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች እዚያ አሉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለረጅም ዓመታት የሠሩበት ቤት ነው። እዚያው ግቢ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤትም አለ። ነገረ መለኮትና ብራና አንድ ላይ የሚፈልግ ሰው ለዚያ ቤት ጽፎ ቢጠይቅ አይጎዳም።

የቅኔ መምህርህን ምስክር ወረቀት አሁን፣ በሕይወት ሳሉ፣ አጽፈህ ያዝ። እንደ ዲግሪ አይቆጠርም፣ ግን ከየትኛውም የድጋፍ ደብዳቤ የበለጠ ስለ አንተ ይናገራል። የት፣ ከማን፣ ምን ያህል ዘመን፣ እስከ የትኛው ድረስ እንደተማርህ ይግባበት። ከሥሩ በእንግሊዝኛ አጭር ማብራሪያ ጨምርበት፣ ቅኔ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው የሚያነበው።


ዲያቆን ከዘጌ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የሰውዬውን ቁጥር ብሎክ አድርጌዋለሁ። ከባለቤቴ ጋር ማታ ሁሉንም አነበብነው። አገር ውስጥ እንድንጀምር ነው እሷም የምትለው፣ ልጅቷ ገና ትንሽ ናት። ለቅድስት ሥላሴም ለፊሎሎጂውም እዘጋጃለሁ። ለቦሴ ደግሞ ሌላ ዓመት ቢሆንም ደብዳቤውን ካሁኑ ማሰናዳት እፈልጋለሁ።

ቀሲስ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ደብዳቤውን በቀጥታ ለሊቀ ጳጳሱ ነው የምጽፈው ወይስ ለሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት? መንገዱን አላውቀውም።


ቀሲስ ከሽምብጥ፦

ደረጃውን ጠብቀህ ሂድ ልጄ። መጀመሪያ ለደብርህ አስተዳዳሪ በራስህ እጅ ማመልከቻ ጻፍ፤ ሰበካ ጉባኤው አይቶ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት። ከዚያ ደብሩ ለወረዳው ቤተ ክህነት ይጽፋል፣ ወረዳው ለሀገረ ስብከቱ። ውጭ የሚሄድ ጉዳይ ሲሆን ሀገረ ስብከቱ ለጠቅላይ ቤተ ክህነት ይጽፋል፣ እዚያ የውጭ ግንኙነት መምሪያ አለ። አንዱን ዘለህ ብትሄድ ወደ ኋላ ይመልሱሃል፣ ቅሬታም ታተርፋለህ።

ማመልከቻህ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ምን መማር እንደምትፈልግ፣ ለምን፣ ስትመለስ የት እንደምታገለግል ጻፍ። የመጨረሻውን በደንብ ጻፈው፤ «የሰንበት ትምህርት ቤቱን ወጣቶች አስተምራለሁ» ብለህ እዚህ ለእኛ እንዳልኸው። ሰበካ ጉባኤው በሚቀጥለው ሲሰበሰብ አጀንዳ እንዲሆን ካስፈለገ እኔም ለአስተዳዳሪው እደውላለሁ። የደብርህን ስም በውስጥ መስመር ላክልኝ።